ሙሉ ያልሆነ አይገባም

«ይሄን ይዘሽ ተመለሺ!»

ናሙና ተቀባይዋ ብልቃጡን በመስኮቱ ቀዳዳ ገፍታ አወጣችው። ተላላኪዋ ከመውደቁ በፊት በሁለት እጇ አፈፍ አደረገችው።

«ምነው እህቴ! ደም እኮ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ አደረግሽው እንዴ?»

«እስከ መስመሩ ደርሷል?»

«ትንሽ ነው የቀረው። የሴትየዋ ደም ሥር ጠፍቶ ሲስተር ስንቴ ወግታ...»

«የሴትየዋን ደም ሥር እኔ አልደበቅሁትም። መስኮቱ ላይ የተጻፈውን አንብቢና ሂጂ።»

ተላላኪዋ ማንበብ አላስፈለጋትም። «ሙሉ ያልሆነ አይገባም» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ በዚያ ሆስፒታል ከዘበኛው እስከ ቀዶ ሐኪሙ በቃሉ የማይወጣው የለም። እያጉረመረመች ወደ ደረጃው ሄደች። ካጉረመረመችው መሃል «ወንፊት» የምትለዋ ቃል ጎላ ብላ ተሰማች፤ እንድትሰማም ነበር የተባለችው።

ወንፊት ማለት ናሙና ተቀባይዋ ናት። ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው፤ ሰምታም አልተከፋችም። ወንፊት ገለባውን ከፍሬው ይለያል፤ ታዲያ ይሄ ምኑ ስድብ ነው? የላቦራቶሪው የጥራት ተቆጣጣሪ ተብላ ከተሾመች ወዲህ ሥራዋ ከየዋርዱ የሚመጣውን ደም፣ ሽንትና አክታ ማበጠር ነው። ስም ያልተጻፈበት፣ ክዳኑ የላላ፣ በተሳሳተ ብልቃጥ የተቀዳ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ በጎ ነበር፤ ጠላቶቿም አይክዱም። ከእሷ በፊት የአንዱ ደም በሌላው ስም ሲሄድ፣ ያገለገለ መርፌ ከናሙናው ጋር ተጠቅልሎ ሲመጣ ሃይ የሚል ሰው አልነበረም። ክፋቱ ሴትዮዋ በሥራው ብቻ ሳይሆን በመመለሱም መርካት መጀመሯ ነው። ድሮም ውሃ ቀጠነ ብላ የምትጣላ ሰው እጅ ላይ ደንብ ሲገባ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። በየሰኞው ስብሰባ ከየዋርዱ የመለሰችውን ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ብዙ የተመለሰባቸው ነርሶች በሰው ፊት ከወንበራቸው ተነሥተው ይቆማሉ።

ሰሞኑን ግን የሚቆም ሰው ጠፍቷል። የሚመለሰው ናሙና ከወር ወር እየቀነሰ ሄዶ ዘንድሮ ከቁጥር የማይገባ ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ ባገኛት ቁጥር በፈገግታ ያልፋታል። ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች ይመጣሉ፤ ይህን ለውጥ አይተው ከተደሰቱ እሷ የመላው ሆስፒታል የጥራት ኃላፊ ልትሆን ነው። ሹመቱን በሐሳቧ ከተቀበለችው ቆይታለች፤ የቢሮውን ወንበር እንኳ መርጣለች።

ከዋርዶቹ ሁሉ አንዱን ግን ለይታ ጥርሷን ነክሳበታለች፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለውን የወንዶች ዋርድ። እዚያ የምትሠራው ነርስ የወንድሟ ሚስት ናት። ሁለቱ ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ እሳትና ጭድ ናቸው። ወንፊት ወንድሜን ቀማችኝ ትላለች፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ ባሌን ለእኔ ሳይሆን ለእህቱ ነው ያገባሁት ትላለች። እንዳይተያዩ ደግሞ እናት አሉ። አሮጊቷ የሚኖሩት ወንድሟ ቤት ነው፤ ስለዚህ ወንፊት እናቷን ለማየት የምታልፈው በጠላቷ ሳሎን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ይህችኑ ምራታቸውን በስብሰባ ላይ አስነሥታ አቆመቻት። ሴትየዋ ለትምህርት ልትላክ ስሟ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ወንፊት ስትገባ ሌላዋ ቴሌቪዥኑን ታስጮኸዋለች።

ያን ዕለት ጠዋት ከወንዶች ዋርድ የአልጋ አራት ታካሚ ደም መጣ። ሁለት ብልቃጥ ነው፤ አንዱ ባለ ወይን ጠጅ ክዳን፣ አንዱ ባለ ቢጫ ክዳን። ወንፊት ወደ ብርሃኑ አንሥታ አገላበጠቻቸው። ስሙ ተጽፏል። ክዳኑ ጠብቋል። ቢጫው ልክ እስከ መስመሩ ድረስ ሞልቷል። እንደገና አየችው። ሰበብ ፈልጋ ስላጣች ከንፈሯን ነክሳ አሳለፈችው።

ማሽኑ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ጥድፊያ ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ሲሄድም ሲበላም የሚሮጥ፣ ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ጮኸ።

«ኧረ ነይ እስቲ ጉድ እዪ! የአልጋ አራቱ ሰውዬ ፖታሲየም ዘጠኝ ተኩል! ሰውየው አለ?»

«ካልሲየሙስ?»

«ካልሲየም... የለውም ማለት ይቀላል። ማሽኑ ያገኘው ጭላጭ ነው።»

ወንፊት ከወንበሯ ተነሣች። ፖታሲየሙ እንዲህ ሰማይ የነካ፣ ካልሲየሙ እንዲህ የጠፋ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ አይጠብቅም፤ ይቀበራል። እንዲህ ያለ ውጤት ከሰው አካል አይወጣም፤ ከብልቃጥ ነው የሚወጣው። ወይን ጠጁ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ተቀብቷል፤ እሱም ራሱ የፖታሲየም ጨው ነው፤ ካልሲየምን ደግሞ ያስረዋል። ከወይን ጠጁ ትንሽ ደም ወደ ቢጫው ከተገለበጠ ማሽኑ የሚያነበው የሰውየውን ደም ሳይሆን የብልቃጡን ጨው ነው። የላቦራቶሪ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ይማረዋል።

«ውጤቱን ላክኸው?»

«አደገኛ ውጤት ወዲያው ነው የሚላከው። ደንቡ የማን ሆነና!» አለ ጥድፊያ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ወደ ማሽኑ ዞረ።

ስልኩን አነሣች። እዚያኛው ጫፍ ያነሣችው ያቺው ናት።

«የወንዶች ዋርድ።»

«ላቦራቶሪ ነው። የአልጋ አራቱን ደም ከወይን ጠጁ ወደ ቢጫው ገልብጠሻል?»

«ደህና አደርሽ ማለት ይቀድማል።»

«ገልብጠሻል ወይስ አልገለበጥሽም?»

በስልኩ ውስጥ ትሪ ሲንኳኳ ተሰማ። ወንፊት ይህን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ሳሎን ውስጥም እንዲህ በጫጫታ ነው የምትመልስላት።

«አልገለበጥኩም። ሙሉ አድርጌ ነው የላክሁልሽ። ሙሉ ሲሆንም ጥፋት ሆነ?»

«ስሚኝ፣ ሰውየው...»

«ዶክተሩ እዚሁ ነው፤ እሱን አናግሪው።»

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ እንቅልፍ ግን ያላወቀ።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን እንዳይሰጡት። ናሙናው የተበላሸ ነው።»

«ተቀብለሽ ያሳለፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አዎ፤ ግን ካልሲየሙን ይዩት...»

«እኔ የማየው ሰውየውን ነው። ልቡ ይዘላል፤ እግሩን ማንሣት አቅቶታል። ፖታሲየም ከፍ ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ዝቅ ሲልም እንዲሁ ነው የሚያደርገው!»

«የልብ ማንበቢያው ማሽን ሌላ ፎቅ ላይ ነው፤ እስኪመጣ ብጠብቅና ቢሞትስ? ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሴት ደም ጎደለ ብለሽ ስትመልሺ ሕክምናዋ ግማሽ ቀን ቆመ። ሲጎድል አይሆንም፣ ሲሞላ ተበላሸ! ነርሷ አልገለበጥኩም ብላለች። ማስረጃ አለሽ?»

«ማስረጃው ውጤቱ ራሱ ነው።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ» አለና ዘጋው።

ወንፊት ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ሁልጊዜ እሳት እያለ የሚጮህ ሰው ቤቱ ሲቃጠል ማን ይሰማዋል? ዶክተሩ የሚሰጠው ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ፖታሲየምን ከደም ውስጥ ጠርጎ የሚያወርድ ነው። የሰውየው ከፍ ካላለ፣ ጭራሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ያ መድኃኒት ልቡን ያቆመዋል። ስልኩን ጣለችና ሮጠች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ደረጃውን ስትወጣ ልቧ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ሰውየው እንዳይሞት፤ ሌላው ያቺ ሴት ዛሬ እጅ ከፍንጅ መያዟ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስሮጣት እሷም ለይታ አታውቅም።

አልጋ አራት መስኮቱ ሥር ነው። የተኙት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ ፊታቸው ግን አመድ የመሰለ። ልጃቸው ከጎን ቁጭ ብላ ላባቸውን ትጠርጋለች። ሁለቱም እጃቸው ከክርን እስከ መዳፍ በመርፌ ተበሳስቶ ጠቋቁሯል። ዶክተሩ ኢንሱሊኑን በስሪንጅ ስቦ የግሉኮሱን ከረጢት ይዟል። የወንድሟ ሚስት ጓንቷን እንዳጠለቀች አጠገቡ ቆማለች። ወንፊትን ስታይ አገጯን ቀና አደረገች።

«ከመስኮት አልፈሽ ደግሞ እስከ አልጋ መጣሽልን?»

«እውነቱን ተናገሪ።»

«ፖሊስ ነሽ?»

«ሰው ልትገድሊ ነው! አንቺ እንዳትዋረጂ ብለሽ...»

«እኔ እንዳልዋረድ? እኔን ማዋረዱንማ ሥራሽ አድርገሽዋል!»

«ከአልጋው ራቁ» አለ ዶክተሩ። «የቤት ጠባችሁን ቤታችሁ ጨርሱ። እዚህ የታመመ ሰው አለ።»

የሹፌሩ ልጅ ተነሣች። «አባቴ ምን ሆኖ ነው? መድኃኒቱ ነው እንዴ የሚያጣላችሁ?»

ወንፊት ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ለዶክተሩ ነው የተናገረችው። «አንድ ጊዜ ብቻ ደም ይቀዳ። እኔው ይዤው ወርጄ እኔው ማሽኑ ላይ አስገባዋለሁ። እስከዚያ ብቻ ይታገሡ።»

«ከየት ነው የሚቀዳው?» የወንድሟ ሚስት የሰውየውን ክንድ አንሥታ አሳየቻት። «ነይ እዪው! እዚህ ወጋሁ፣ እዚህ ወጋሁ፣ እዚህም። ሰውየው ቀናት ሙሉ ሲያስመልሳቸው ከርመው ሰውነታቸው ደርቋል። ሙሉ ብልቃጥ ከየት ላምጣልሽ? ከራሴ ልቅዳልሽ?»

«ሙሉ አያስፈልግም።»

ወንፊት ያለችውን የሰማችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ምን አልሽ?»

«ለቢጫው... ሙሉ አያስፈልግም። ማሽኑ የሚወስደው ጥቂት ነው። ሩብም ይበቃል።»

የወንድሟ ሚስት የያዘችውን ክንድ ቀስ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ዶክተሩ ራሱ ዞር ብሎ አያት። በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ ያልገባት የሹፌሩ ልጅ ብቻ ነበረች።

እስከ መስመሩ መሙላት ያለበት ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ብልቃጥ ነው። እሱ ውስጥ ተለክቶ የተጨመረ ፈሳሽ አለ፤ ደሙ ከጎደለ ውጤቱ ይዛባል። ወይን ጠጁም ቢሆን በጣም እንዲጎድል አይፈለግም። ቢጫው ግን ግድ የለውም። ወንፊት ይህን ታውቃለች። ደንቡን ስታወጣ ግን ይህ ይሙላ፣ ያኛው ባይሞላም ይሁን እያለች ከእያንዳንዱ ነርስ ጋር በየቀለሙ መከራከሩ ሰለቻትና ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቀለለችው። አጭር ደንብ አያከራክርም። እየዋለ ሲያድር ለምን እንዳወጣችው ራሷም ረሳችው፤ ደንቡ ብቻ ቀረ።

«ሩብ ይበቃል» አለች የወንድሟ ሚስት። «ሩብ ይበቃል! ታዲያ ግማሹን እየመለስሽ ያን ሁሉ ሰው ያስወጋሽን ለምንድነው? ሕፃናት ዋርድ ሳለሁ ልጅ አስይዤ ሦስት ቦታ ስወጋ፣ እናቲቱ ስትረግመኝ፣ ሩብ ይበቃ ነበር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ ያንቺን መስኮት ነው!»

«ገልብጠሻል?»

«አዎ ገለበጥኩ! ቢጫው ሲጎድል ከወይን ጠጁ ጨመርኩበት። ሁላችንም እንገለብጣለን! በሁሉም ዋርድ! ማን ነው ሰኞ ሰኞ እንደ ሌባ ተነሥቶ የሚቆም? ሙሉ ትፈልጊያለሽ፤ ሙሉ እንሰጥሻለን። ደስ አላለሽም? ቀነሰልኝ እያልሽ በየቢሮው አልተኩራራሽም?»

ዶክተሩ ስሪንጁን ትሪው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ነጥቷል። «ከደቂቃዎች በፊት ጠይቄሽ አልገለበጥኩም አልሽኝ» አለ ለነርሷ። ከዚያ ወደ ወንፊት ዞረ። «ቅዱ» አለ። «ሁለታችሁም። አሁኑኑ።»

ሁለቱ ሴቶች በአልጋው ግራና ቀኝ ጎንበስ አሉ። ወንፊት ጓንት አጥልቃ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ሴፍቲ ቦክስ አጠገባቸው አመጣች። የወንድሟ ሚስት የሰውየውን እጅ ጀርባ በጣቷ ዳበሰች፤ ትታ ወደ እግራቸው ወረደች፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቆመች። ላስቲኩን አሰረች።

«ብዙ አታቆዪው።»

«አውቃለሁ።»

«መጀመሪያ ቢጫውን።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ዝም በይልኝ፤ ደም ሥሩ ያመልጠኛል።»

ወንፊት ቢጫውን ብልቃጥ አቀበለቻት። መርፌው ገባ። ሰውየው አቃሰቱ፤ ልጃቸው ፊቷን አዞረች። ደሙ ጠብ፣ ጠብ እያለ መጣ፤ የቢጫውን ሥር ሸፈነ፤ ትንሽ ከፍ አለና ቆመ። ነርሷ በልማድ ቀና ብላ የወንፊትን ዓይን አየች፤ በቃ እንደ ማለት ሳይሆን ይሄው እንደ ማለት።

«ይበቃል» አለች ወንፊት።

የወንድሟ ሚስት መርፌውን ነቅላ ክዳኑን መልሳ ልትገጥምበት ስትል ወንፊት ሴፍቲ ቦክሱን ከእጇ ሥር አስጠጋችው። «አትክደኚው! ራስሽን ልትወጊ ነው።» መርፌው ቦክሱ ውስጥ ወደቀ። አንዷ ላንዷ ዓመት ሙሉ ያደረገችው በጎ ነገር ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱም በቁጣ ነው የተባለው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ጥድፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተጣደፈም። ማሽኑ እስኪጨርስ አጠገቧ ቆሞ ጥፍሩን ሲበላ ቆየ። ቁጥሩ ሲወጣ ማንበብ ፈርቶ ለእሷ ተወላት።

ሁለት ነጥብ ሁለት። ዝቅ ያለ፣ በጣም ዝቅ ያለ።

ደውላ ለዶክተሩ ነገረችው።

«ሁለት ነጥብ ሁለት?»

«ሁለት ነጥብ ሁለት።»

«ያንን መርፌ ሰጥቼው ቢሆን...» አለ፤ አልጨረሰውም። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት የፖታሲየም ከረጢት እንዲመጣ ሲጮህ ሰማችው።

ወንፊት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው በመትረፋቸው ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም። ደስታው ውስጥ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ከወራት ወዲህ እጇ ላይ ያለፈው ሙሉ ቢጫ ብልቃጥ ሁሉ መጣባት። ያሳለፈችው፣ ጎበዝ ያለችው፣ ሰኞ ሰኞ ያመሰገነችው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተገልብጦ ነበር? የብዙዎቹ ቅልቅል ጥቂት ሆኖ ውጤቱ ትንሽ ብቻ ይዛባል፤ የዚህን ያህል ጎልቶ ስለማይጮህ ማንም አይጠረጥርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ሌላውን ስትመክር የኖረችው እሷ ናት። አፈረች። ከማፈሯ ይልቅ ግን ያሳፈረቻት ያቺ ሴት መሆኗ አንገበገባት።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራቸው። ዶክተሩ ወንበር አግኝቷል፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ነገር ማንዛዛት አይወድም፤ በተለይ እንግዳ ሊመጣበት ሲል።

«ሰምቻለሁ። ታካሚው ተርፏል፤ እግዜር ይመስገን። አሁን የሚቀረው ነገ ለሚመጡት ሰዎች ምን እንበል ነው። እኔ የታየኝን ልንገራችሁ። ነርሷ ደም ገልብጣለች፤ ስትጠየቅም ዋሽታለች። ከሥራ ትታገዳለች። ጥፋት ነበረ፣ እርምጃ ወሰድን፣ አለቀ።» ወደ ወንፊት ዞረ። «የጥራት ተቆጣጣሪ አንቺ ነሽ። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ጥፋቱ የእሷ ነው አይደል?»

ስንት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ ነው። አዎ ማለት ብቻ ነው። አዎ ብትል ያቺ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን የምታስጮህባት ሴት ነገ ዩኒፎርሟን አስረክባ ትወጣለች። እሷ ደግሞ ሹመቷን ትይዛለች። ውሸት እንኳ አይሆንም። ቃሉ ጣፋጭ ሆኖ ምላሷ ላይ ተቀመጠ። ዘወር ብላ አየቻት። የወንድሟ ሚስት ወለሉን እያየች ነበር፤ አልለመነችም፤ የምትለምንም ሴት አይደለችም።

«ገልብጣለች» አለች ወንፊት። «እያወቀች ነው የገለበጠችው። ዋሽታኛለችም፤ ሰውየው በውሸቷ ሊሞቱ ነበር።»

የወንድሟ ሚስት ዓይኗን ጨፈነች።

«ጥሩ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አልጨረስኩም። ሩብ ብልቃጥ ይበቃ ነበር። ሙሉ ካልሆነ አልቀበልም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደንቡ የእኔ ነው። የሚመለሰው ናሙና የቀነሰውም ስለተሻሻልን አይደለም፤ መገልበጥ ስለለመዱ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን።»

«ነገ ይህን ልትነግሪልኝ ነው? ለመርማሪዎቹ?»

«ከጠየቁኝ እናገራለሁ። እሷን ቢያግዷት ሌሎቹ መገልበጣቸውን አይተዉም፤ መናገራቸውን ነው የሚተዉት። ዛሬ ሰውየው የተረፉት ይህች ሴት ተናዳ ስለተናገረች ነው። ነገ የሚናደድም አይኖርም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዶክተሩ አየ። ዶክተሩ ጫማውን እያየ «ልክ ናት» አለ። «እኔም ስልክ ዘግቼባታለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ ለኃላፊነቱ ሌላ ሰው ማሰቤ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ለወንፊት፤ ፈገግታው ከነሥሩ ተነቅሏል።

«ያስቡ» አለች። ያንን ወንበር ግን በእውነት ፈልጋው ነበር።

«ውጡልኝ። እግዱን አስብበታለሁ።»

ዶክተሩ ወደ ዋርዱ ሮጠ። ሁለቱ ሴቶች በረጅሙ ኮሪደር እኩል መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ደረጃው አንድ ነው።

«እንዳመሰግንሽ እየጠበቅሽ ከሆነ ቆመሽ ትደርቂያለሽ» አለች የወንድሟ ሚስት።

«ማን ጠበቀሽ?»

«በሰው ፊት ውሸታም ብለሽኛል።»

«ዋሽተሽ የለ?»

«አንቺስ? ዓመት ሙሉ ሰው ያስወጋሽው?»

«እሱንም ብያለሁ። አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። በመቅረቱ እንደተቃጠልሽም አይቻለሁ። ሹመቱ ማለቴ ነው።» ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረ፤ አልደበቀችውም። «እናትሽን ለማየት ትመጪ ከሆነ በሩ ክፍት ነው። ለእሳቸው ብዬ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም።»

«ላንቺ ብዬ መጥቼ አላውቅም።»

ደረጃው ጋ ደረሱ። ወንፊት ወደ ታች፣ ሌላዋ ወደ ላይ ነው የሚሄዱት። የወንድሟ ሚስት እግሯን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አድርጋ ቆመች። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ጨበጠች፤ ለቀቀች፤ መልሳ ጨበጠች።

«ሌላም አለ» አለች ሳትዞር።

«ምን?»

«ዛሬ ጠዋት የተገለበጠ። ውጤቱ ሄዷል። የእኔ አይደለም፤ የሴቶች ዋርድ ነው። የሥራ ጓደኛዬ ናት፤ ስትገለብጥ አይቻታለሁ።»

የወንድሟ ሚስት አሁን ዞራለች፤ የምታያት ዓይኗን ሳይሆን አፏን ነው። ከዚያ አፍ ምን እንደሚወጣ እየጠበቀች፣ ያለችውንም መልሳ ልትውጠው እየተዘጋጀች። «ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ የወንፊት ጥርስ ጋ ደርሶ ነበር። ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችው እሱን ብቻ ነው፤ አሁንም ምላሷን በላት።

ዋጠችው።

«የትኛው አልጋ?» አለች።